መራጭ የሚመርጠው ስለ ምንድን ነው? ከናይሮቢ የምርጫ ታሪክ

የምርጫ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያስተላልፉልን የአሸናፊውን ስምና የድምፁን ቁጥር ነው። ማን እንደ ተመረጠ ከመዝገብ ይገኛል፤ ስንት ሰው እንደ መረጠውም እንዲሁ። ነገር ግን ያ ሁሉ ሰው ማልዶ ተነሥቶ፣ ሥራውን ትቶ፣ በፀሓይ ተሰልፎ፣ ከብዙዎቹ መካከል ያንን አንዱን ስለ ምን እንደ መረጠ የሚናገር መዝገብ የለም። ድምፅ የሚሰጠው በምስጢር ነውና ሣጥኑ የሚቀበለው ምልክቱን ብቻ ነው፤ ምክንያቱ ከመራጩ ጋራ ወደ ቤት ይመለሳል። ከዚህ የተነሣ ባዶውን ቦታ የሚሞላው በኋላ የሚመጣው ተናጋሪ ነው። ነገሩ የአፍሪቃ ምርጫ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ተናጋሪው ብዙ ሳይደክም አንዲት ቃል አንሥቶ ያልፋል፤ እርስዋም «ጎሣ» የምትባለው ናት።

ይህች ቃል ፈጽማ ሐሰት ናት ለማለት አልነሣሁም። በ2007 መጨረሻ በኬንያ ከተደረገው ምርጫ በኋላ በተነሣው ሁከት ከ1,100 የሚበልጡ ሰዎች ሲሞቱ፣ ከእነርሱ ብዙዎቹ ጎሣቸው እየተለየ የተገደሉ ነበሩ። ቢሆንም ሳይመረመር አስቀድሞ የተዘጋጀ መልስ ጥያቄውን ይዘጋዋል እንጂ አይፈታውም። መምህራን በሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ታሪክ ሳስተምር «ያልተማረ ሰው የሚመርጠው የወንዙን ልጅ ነው» የሚለውን አሳብ ከሠልጣኞቹ አፍ ደጋግሜ እሰማለሁ። ነገ በየገጠሩ ተበትነው ከገበሬው ጋራ የሚኖሩት እነርሱ ናቸውና፣ ይህን አሳብ ይዘው የሄዱ እንደ ሆነ የተማሪዎቻቸውን አባቶች በምን ዓይን እንደሚያዩአቸው መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ነገሩን በአንድ ቦታና በታወቀ ዘመን ላይ አድርጌ ለመመርመር ወደድሁ። ቦታው የጎረቤታችን የኬንያ ዋና ከተማ ናይሮቢ ነው። የዘመኑን ቁጥር የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን፣ በኛ አቆጣጠር የሆነውን ለብቻው እገልጻለሁ።

የመራጩን አሳብ ለመመርመር ከሁሉ የሚሻለው፣ ተወዳዳሪዎቹ የአንድ ፓርቲ ሰዎች የሆኑበት ምርጫ ነው። በአሜሪካ ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጀምሮ ይህ ሥርዓት ተስፋፍቶአል፤ ሕዝቡ ፕሬዚዳንቱን ከመምረጡ በፊት እያንዳንዱ ፓርቲ ከራሱ ሰዎች ማንን እንደሚያቀርብ ደጋፊዎቹ በየክፍለ ግዛቱ ድምፅ ይሰጡበታል። በእንዲህ ያለው ምርጫ መራጩ በፓርቲው ስም ሊመራ አይችልም፤ ሁሉም ያንኑ ስም የያዙ ናቸውና። ስለዚህ ሰውየውን ራሱን ለመመዘን ይገደዳል። ኬንያ በአሜሪካው አኳኋን ፕሬዚዳንታዊ ቀዳሚ ምርጫ የላትም። ነገር ግን በ1961 በናይሮቢ ምሥራቅ የተደረገው ምርጫ፣ በስም ጠቅላላ ምርጫ ይባል እንጂ፣ በነገሩ የአንድ ፓርቲ ልጆች እርስ በርሳቸው የተወዳደሩበት ነበረ። ወደዚያ ለመድረስ ግን ከአራት ዓመት በፊት መጀመር ያስፈልጋል።

ናይሮቢ በ1899 የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ሰፈር ሆና የተቈረቈረች ከተማ ናት። በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን እንደ ቀለማቸው ሰዎችን ከፋፍላ አስቀመጠች፤ አውሮፓውያን በምዕራብ በኩል ባለው ከፍተኛና ነፋሻ ቦታ፣ ሕንዶች በሰሜን በፓርክላንድስና በንጋራ፣ አፍሪቃውያን በምሥራቅ በሜዳው። ካሎሌኒ፣ ማኮንጌኒ፣ ባሃቲ፣ ፑምዋኒ የሚባሉት ሰፈሮች የተሠሩት ለሠራተኛ ነው። መንግሥት አፍሪቃዊውን የከተማ ነዋሪ አድርጎ አይቈጥረውም ነበርና፣ ሠራተኛው ሚስቱንና ልጆቹን በአገሩ ትቶ በአንዲት ክፍል ከሌሎች ጋራ እንዲኖር ይጠበቅበት ነበር። በዚህ ዓይነት ኪኩዩው፣ ሉኦው፣ ሉህያውና ካምባው በአንድ ግቢ ውኃ ቀዱ፤ በአንድ አውቶቡስ ተሳፈሩ፤ በአንድ አሠሪ ተቈጡ። ይህን ማስታወስ ለኋላው ነገር ይጠቅማል።

አፍሪቃውያን ወኪሎቻቸውን ለሕግ አውጪው ምክር ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጡት በ1957 በማርች ወር ነው። የተሰጣቸው መቀመጫ 8 ነበር። ሕጉን ያጠኑት ዋልተር ኩትስ የተባሉ የእንግሊዝ መንግሥት ሹም ሲሆኑ፣ አሳቡ «ሁሉም አፍሪቃዊ የመምረጥ ችሎታ የለውም» በሚለው ላይ የቆመ ነበር። ስለዚህ ትምህርቱ፣ ገቢውና ንብረቱ፣ በመንግሥት ወይም በጦር ሠራዊት ያገለገለበት ዘመን እየተመዘነ፣ ለአንዱ ሰው አንድ፣ ለሌላው ሁለት፣ ለሌላው እስከ ሦስት ድምፅ ይሰጠው ነበር። ምንም የማይቈጠርለት ሰው ደግሞ ድምፅ አልነበረውም። እኛ መምህራን በዚያ ሚዛን ብንመዘን ከባለ ብዙ ድምፆቹ ወገን እንደምንሆን አያጠራጥርም፤ ምናልባት በዚህ ምክንያት ይሆናል ሚዛኑ ለብዙ የተማሩ ሰዎች ትክክል መስሎ የታየው። ከተመረጡት 8 ሰዎችም በርካታዎቹ በማስተማር ሥራ ያለፉ ነበሩ፤ ኦጊንጋ ኦዲንጋ፣ ሮናልድ ንጋላና በኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ዳንኤል አራፕ ሞይ ከእነዚህ ይቈጠራሉ።

በዚያው በ1957፣ በኛ አቆጣጠር በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የኢትዮጵያ ሕዝብም ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ወኪሎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ መረጠ። በተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ ማንበብ ቻለም አልቻለም መምረጥ ይችል ነበር። የሚመረጠው ግን በምርጫ ክልሉ የታወቀ ንብረት ያለው መሆን ነበረበት፤ የፖለቲካ ፓርቲም አልነበረም። እንግሊዞች በናይሮቢ መራጩን መዘኑት፤ በኛ አገር ደግሞ የተመዘነው ተመራጩ ሆነ። ሁለቱም ሕጎች ሕዝቡ ብቻውን ቢተው ያበላሻል ከሚል አንድ ሥጋት የተወለዱ ይመስለኛል።

በናይሮቢ ምርጫ ላይ ሌላም ከባድ ገደብ ነበረ። የማው ማው ዐመፅ ከተነሣ ጀምሮ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ስለ ነበር፣ የኪኩዩ፣ የኤምቡና የሜሩ ሰዎች ለመምረጥ የታማኝነት ወረቀት ያስፈልጋቸው ነበር። በ1954 «አንቪል» በተባለው ዘመቻ ወታደሮች ከተማዋን ከበው ከ20,000 የሚበልጡ ሰዎችን ይዘው ወደ ማጎሪያ ስለ ወሰዱ፣ የናይሮቢ ኪኩዩ የተረፈውም በይለፍ ወረቀት የሚንቀሳቀስ ነበር። በዚህ ምክንያት በ1957 መዝገብ ላይ ኪኩዩ ጥቂት ነበር። ለናይሮቢ መቀመጫ ከቀረቡት ዋነኞቹ ሁለት ተወዳዳሪዎች ደግሞ ሁለቱም ሉኦዎች ነበሩ። አንደኛው ሚስተር አርግዊንግስ ኮዴክ ይባላሉ፤ በኬንያ ከአፍሪቃውያን የመጀመሪያው ጠበቃ ሲሆኑ፣ በማው ማው ተከሰው ለፍርድ ለቀረቡ ሰዎች የተሟገቱ ደፋር ሰው ናቸው። ሁለተኛው የ26 ዓመቱ ወጣት ቶም ምቦያ ነበሩ።

ምቦያ የተወለዱት በ1930 በቲካ አጠገብ በአንድ የቃጫ እርሻ ላይ፣ አባታቸው ተቀጥረው በሚሠሩበት ስፍራ ነው። ቤተ ሰባቸው ከቪክቶሪያ ሐይቅ ደሴት ከሩሲንጋ የመጣ ሉኦ ይሁን እንጂ፣ እርሳቸው ያደጉት በካምባና በኪኩዩ ልጆች መካከል ስለ ሆነ ቋንቋቸውን ያውቃሉ። በናይሮቢ ማዘጋጃ ቤት የጤና ጥበቃ ተቈጣጣሪ ሆነው ሥራ ጀመሩ፤ የሥራ ባልደረቦቻቸውን በማኅበር አደራጁ፤ በ1953 የኬንያ ሠራተኞች ማኅበራት ፌዴሬሽን ዋና ጸሓፊ ሆኑ። በ1955 የሞምባሳ ወደብ ሠራተኞች ሥራ ባቆሙ ጊዜ ገብተው ተደራደሩ፤ ሠራተኞቹም ከደመወዛቸው አንድ ሦስተኛ ያህል ጭማሪ አገኙ። ከዚያ በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ በረስኪን ኮሌጅ አንድ ዓመት ተምረው ተመለሱና ተወዳደሩ። ያሸነፉት በ400 ያህል ድምፅ ብልጫ ነው።

እንግዲህ በዚህ የመጀመሪያ ምርጫ ጎሣ የሚባለው ምክንያት ሊቈጠር አይችልም፤ ሁለቱ ሰዎች የአንድ ጎሣ ናቸውና። ጠበቃው በትምህርት ይበልጣሉ፤ በዕድሜም ይበልጣሉ። የድምፅ አሰጣጡ ሕግ እንኳ ለተማረ ሰው የሚያደላ ሆኖ ሳለ ወጣቱ ማሸነፋቸው ስለ ምን ነው? እኔ የምገምተው እንዲህ ነው፤ ጠበቃ የሚታወቀው ሰው በተከሰሰ ጊዜ ነው፤ የሠራተኞች ማኅበር ጸሓፊ ግን በየወሩ መጨረሻ ደመወዝ ሲከፈል ይታወቃል። የመራጩም ቍጥር ጥቂት ስለ ነበረ፣ በማኅበሩ ቅርንጫፍ የተደራጀ ሰው ጎረቤቱን ቀስቅሶ ማምጣቱ ብዙ ዋጋ ነበረው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነው። በ1958 በአክራ በተደረገው የመላው አፍሪቃ ሕዝቦች ጉባኤ ምቦያ ሊቀ መንበር ሆኑ። በ1960 መጀመሪያ በለንደን በላንካስተር ሃውስ የተደረገው ስብሰባ የመምረጥ መብትን አሰፋ፤ በቋንቋው ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ ወይም ዕድሜው ከ40 ዓመት በላይ የሆነ፣ ወይም በዓመት 75 ፓውንድ ገቢ ያለው ሰው ሁሉ አንድ አንድ ድምፅ አገኘ። ባለሦስት ድምፁ ሰው ቀረ። በዚያው ዓመት የኬንያ አፍሪቃውያን ብሔራዊ ኅብረት፣ በአጭሩ ካኑ፣ ተመሠረተ፤ ጄምስ ጊቹሩ ፕሬዚዳንት፣ ኦዲንጋ ምክትል፣ ምቦያ ዋና ጸሓፊ ሆኑ። ጆሞ ኬንያታ ገና በሩቁ ሰሜን በሎድዋር እንደ ታሰሩ ነበሩ።

በ1961 በፌብሩዋሪ ወር ለሚደረገው ምርጫ የናይሮቢ ምሥራቅ መዝገብ ሲከፈት ነገሩ ተለወጠ። የአስቸኳይ ጊዜው አዋጅ ተነሥቶ ስለ ነበር ኪኩዩው ተመልሶአል፤ ከመራጮቹም ከግማሽ በላይ የሆነው እርሱ ነበር። ምቦያን የተቃወሙአቸውም ዶክተር ሙንዩዋ ዋያኪ የተባሉ ኪኩዩ ነበሩ። እኒህ ሰው እንዲያው በቀላሉ የሚታዩ አይደሉም። በውጭ አገር የተማሩ ሐኪም፣ የካኑ የናይሮቢ ሰው፣ በተጨማሪም በ1892 እንግሊዞች ይዘው ሲወስዱት በኪብዌዚ ከሞተው ከዝነኛው ከዋያኪ ዋ ሂንጋ ዘር የተወለዱ ናቸው። ለኪኩዩ ይህ ስም የመጀመሪያው ሰማዕት ስም ነው። በፓርቲው ውስጥ ምቦያን የማይወዱት ሁሉ ከዶክተሩ ጋራ ወገኑ። ምቦያ ከአሜሪካኖች ገንዘብ ይቀበላሉ፤ ትዕቢተኛ ናቸው፤ የኬንያታን ቦታ ይመኛሉ እየተባለ ተወራ። ከሁሉ የሚደንቀው ኦዲንጋ፣ ራሳቸው ሉኦ ሆነው ሳሉ፣ ለኪኩዩው ሐኪም መወገናቸው ነው። ስለዚህ በዚያ ምርጫ የሉኦ ትልቅ ሰው ኪኩዩውን ደገፈ፤ የኪኩዩ ሕዝብ ምን ያደርግ ይሆን የሚለው ብቻ ቀረ።

ድምፁ ሲቈጠር ከአሥሩ ዘጠኝ እጅ ያህሉ የምቦያ ሆነ።

ይህን ቍጥር ለሠልጣኞቼ የሒሳብ ጥያቄ አድርጌ እሰጣቸዋለሁ። ከመራጮቹ ግማሽ የሚበልጠው ኪኩዩ ከሆነ፣ ሉኦው፣ ሉህያውና ካምባው አንድም ሳይቀር ምቦያን ቢመርጥ፣ ድምፁ ከግማሽ በታች ይሆናል። ዘጠኝ እጅ ለመድረስ ከኪኩዩው መካከል እጅግ የሚበልጠው ክፍል የገዛ ጎሣውን ሰው፣ ያውም የሰማዕቱን ዘር፣ ትቶ ሉኦውን መምረጥ አለበት። ሌላ አፈታት የለውም።

እንግዲህ ስለ ምን? አንዳንዶች ገንዘብ ነው ይላሉ። ምቦያ ከአሜሪካ የሠራተኞች ማኅበራት ርዳታ ይቀበሉ እንደ ነበረ አልደበቁም። ነገር ግን በምስጢር በሚሰጥ ድምፅ ሠላሳ ሺሕ ያህል ሰው በገንዘብ መግዛት የሚቻል አይመስለኝም፤ ገንዘቡን ተቀብሎ ሌላውን የሚመርጥ ሰው በየአገሩ አይታጣምና። ይልቁን ገንዘቡ በምን ላይ እንደ ዋለ መመልከት ይሻላል።

በ1959 በሴፕቴምበር ወር ምቦያና አሜሪካውያን ወዳጆቻቸው አንድ አውሮፕላን ተከራይተው 81 ተማሪዎችን ከናይሮቢ ወደ ኒው ዮርክ ላኩ። በሚቀጥለው ዓመት የኬኔዲ ቤተ ሰብ ድርጅት 100,000 ዶላር ሰጥቶ ሌሎች ተከተሉ። በዚያን ጊዜ በኬንያ ዩኒቨርስቲ አልነበረም፤ ከፍተኛ ትምህርት የፈለገ በኡጋንዳ ወዳለው ወደ ማኬሬሬ ይሄድ ነበር፤ እዚያም ቦታው ጥቂት ነው። ከተላኩት መካከል ኪኩዩዎች ብዙዎች ነበሩ። ለእያንዳንዱ ተማሪ መንገድና ኪስ የሚሆን ገንዘብ በየሰፈሩ በሻይ ግብዣና በዳንስ ምሽት ተዋጣ። ሽልንግ ያዋጣ ሰው ልጁ ባይሄድለትም የጎረቤቱ ልጅ ስትሄድ አይቶአል። ምቦያ በምርጫው ወረቀት ላይ የመረጡት ምልክት አውሮፕላን ነበር። በስዋሂሊ ቋንቋ አውሮፕላንም ወፍም «ንዴጌ» ነው የሚባለው፤ የናይሮቢ ምሥራቅ መንገዶች በዚህች ቃል ጩኸት ተሞሉ። ማንበብ ለማይችለው መራጭ የተዘጋጀች ሥዕል፣ ማንበብ ለሚችል ልጁ የተከፈተች በር ሆና ታየችው። የምርጫ ምልክት ይህን ያህል የታወቀ ሥራ ሲያመለክት በሌላ ቦታ አላነበብሁም።

ከዚህም በፊት የተደረገ ነገር ነበረ፤ እንዲያውም ከአውሮፕላኑ ይልቅ ይህኛው ሳይከብድ አይቀርም። ከ«አንቪል» ዘመቻ በኋላ የአፍሪቃውያን የፖለቲካ ማኅበር ሁሉ ታግዶ ሳለ በሕግ የቆመው የሠራተኞቹ ፌዴሬሽን ብቻ ነበር ለማለት ይቻላል። ኪኩዩዎች ከቤታቸው እየተነሡ በካሚዮን ሲጫኑ፣ ፌዴሬሽኑ በስማቸው ጮኸ፤ ጸሓፊው ሉኦ ሆነው የኪኩዩን ቤተ ሰብ አቤቱታ ጻፉ። ዶክተር ዋያኪ በዘር ቅርብ ናቸው፤ ነገር ግን ኪኩዩው መራጭ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ መለስ ብሎ ያሰበው በክፉው ቀን ማን አጠገቡ እንደ ነበረ ይመስለኛል። በዚህ ላይ ምቦያ በምክር ቤቱ ከእንግሊዝ ሚኒስትሮች ጋራ ሲከራከሩ በቋንቋቸው ይረቱአቸው ነበርና፣ ሠራተኛው ራሱ ሊናገረው ያልቻለውን የሚናገርለት ሰው አግኝቶአል።

የተሸነፉት ሐኪም የተጠሉ አልነበሩም። በ1963 የናይሮቢ ሌላ ክፍል ወክለው ምክር ቤት ገቡ፤ በኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ያው ከተማ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለቱንም ተቀበለ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ደስ ባለን። ነገር ግን በ1966 በሊሙሩ በተደረገው የካኑ ጉባኤ ኦዲንጋን ከምክትል ፕሬዚዳንትነት ያስወገደውን አሠራር ካዘጋጁት መካከል ምቦያ ዋነኛው ነበሩ። ኦዲንጋ ወጥተው ሌላ ፓርቲ ሲመሠርቱ፣ ተከትለዋቸው የሄዱት የምክር ቤት አባላት መቀመጫቸውን አጥተው እንደ ገና እንዲወዳደሩ ሕግ ወጣ። በአንድ ፓርቲ ውስጥ በነጻ ተወዳድረው ከሁሉ በላይ የተጠቀሙት ሰው የውድድሩን በር በማጥበብ መርዳታቸው የሚያሳዝን ነገር ነው። በ1969 ደግሞ በጥቂት ወራት ውስጥ ነገሩ ሁሉ ተፈጸመ። በጃንዋሪ የ1957ቱ ተወዳዳሪ አርግዊንግስ ኮዴክ ሚኒስትር ሳሉ በመኪና አደጋ ሞቱ። በጁላይ 5 ቀን ምቦያ በናይሮቢ ዋና ጎዳና ከአንድ መድኃኒት ቤት ደጃፍ በጥይት ተገደሉ፤ የ38 ዓመት ሰው ነበሩ። ተፈርዶበት የተሰቀለው ገዳይ ኪኩዩ ነበር። ሉኦና ኪኩዩ በናይሮቢ ሰፈሮች ተፋጠጡ። በኦክቶበር ወር በኪሱሙ በኬንያታ ጉብኝት ጊዜ ደም ፈሰሰ፤ የኦዲንጋ ፓርቲ ታገደ፤ እርሳቸውም ታሰሩ።

ካኑ የመጀመሪያውን የውስጥ ምርጫ ያደረገው በዚህ ሁኔታ በዲሴምበር 6 ቀን 1969 ነው። ሌላ ፓርቲ ስላልነበረ በውስጥ ምርጫው ያሸነፈ ሁሉ ያለ ተወዳዳሪ የምክር ቤት አባል ሆነ። ፕሬዚዳንቱን በተመለከተ ምርጫ አልነበረም፤ ከኬንያታ በቀር የቀረበ የለምና። እንግዲህ መራጩ ስለ አገር አመራር እንዳይናገር ከተዘጋበት፣ ስለ ምን ይናገራል? ስለ ድልድይ፣ ስለ ክሊኒክ፣ ስለ ትምህርት ቤት ጣራ ተናገረ። ለ158 መቀመጫ ከ600 በላይ ሰዎች ተወዳደሩ፤ ከነባሮቹ አባላት ግማሽ ያህሉ ወደቁ። በሚቀጥለው በ1974 ምርጫም እንዲሁ ሆነ። ጆኤል ባርካን የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር በዚያ ዘመን የኬንያን ገጠር አጥንተው፣ ገበሬው የምክር ቤት አባሉን ያውቀዋል፤ «ሐራምቤ» በሚባለው የመተጋገዝ ሥራ ምን እንዳመጣለት እየቈጠረም ይፈርድበታል ብለው ጻፉ። ኩትስ ለመምረጥ ብቁ አይደለም ብለው የመዘኑት ሰው ማለት ነው።

በዚህ በ1969 ምርጫ ከተደረጉት ውድድሮች አንዱን ለይቼ ልጥቀስ። ባሃቲ ከላይ ካነሣናቸው የምሥራቅ ናይሮቢ የሠራተኛ ሰፈሮች አንዱ ነው። ወኪሉ በማኬሬሬና በለንደን የተማሩት ሚኒስትር ሚስተር ምዋይ ኪባኪ ነበሩ። ወይዘሮ ጃኤል ምቦጎ የተባሉ ሴት ተነሥተው ተወዳደሩአቸውና ጥቂት ሲቀራቸው ሳይጥሉአቸው ቀሩ፤ ውጤቱም ብዙ አጠያየቀ። ሚኒስትሩ በሚቀጥለው ምርጫ ናይሮቢን ትተው በተወለዱበት አገር በኦታያ ተወዳደሩ፤ በዚያ መቀመጫ ሳይሸነፉ ኖረው በ2002 ፕሬዚዳንት ሆኑ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ እኔ ግን ከብዙ ትልልቅ ነገሮች ይልቅ ያስተምራል ብዬ አምናለሁ። የናይሮቢ መራጭ ሚኒስትሩን «ምን ሠራህልን?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ሚኒስትሩ እንዲህ በጽኑ ወደማይጠየቅበት ወደ ወንዙ ሄደ። ብዙ የፖለቲካ ሰዎች ይህንኑ መንገድ ይዘዋል። እንግዲህ በጎሣ መከለልን አስቀድሞ የፈለገው መራጩ ነው ወይስ ተመራጩ?

በ1988 ደግሞ መንግሥት የመራጩን ምክንያት ብቻ ሳይሆን ምርጫውንም አደባባይ አወጣው። በካኑ የውስጥ ምርጫ የምስጢር ድምፅ ቀርቶ፣ መራጩ የተወዳዳሪው ፎቶግራፍ በተያዘበት ስፍራ ከኋላ እንዲሰለፍ ታዘዘ፤ ስዋሂሊዎች «ምሎሎንጎ» ይሉታል፤ ሰልፍ ማለት ነው። ከተሰለፈው 70 በመቶ ያገኘ ሰው ያለ ሌላ ምርጫ ገባ። ከየሰልፉ ረጅሙ ተሸነፈ፣ አጭሩ አሸነፈ ተብሎ የተነገረበት ቦታ ብዙ ነው። የመጀመሪያው አፍሪቃዊ የናይሮቢ ከንቲባ የነበሩት ቻርልስ ሩቢያም መቀመጫቸውን ያጡት በዚህ ሰልፍ ነው። አለቃው እያየው፣ የቤት ኪራይ ሰብሳቢው እያየው የተሰለፈ ሰው ስለ ምን እንደ ተሰለፈ ማንም ሊያውቅ አይችልም። የቤተ ክርስቲያን አባቶችና ጠበቆች አጥብቀው ስለ ተቃወሙ ይህ ሥርዓት በ1990 መጨረሻ ተሻረ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ብዙ ፓርቲዎች ተፈቀዱ።

ለፕሬዚዳንት የሚቀርብ ሰው በውድድር የተመረጠበት ጕልህ ምሳሌ በሴፕቴምበር 1 ቀን 2007 በናይሮቢ በካሳራኒ የስፖርት አዳራሽ የተደረገው ነው። ኦ.ዲ.ኤም. የተባለው የብርቱካን ፓርቲ መልእክተኞች ከየአውራጃው ተሰብስበው ድምፅ ሲሰጡ፣ የኦጊንጋ ኦዲንጋ ልጅ ራይላ 2,656፣ ሉህያው ሙሳሊያ ሙዳቫዲ 391፣ ካሌንጂኑ ዊልያም ሩቶ 368 አገኙ። ከየአገሩ የመጣው መልእክተኛ ሁሉ ለጎሣው ሰው ቢሰጥ ኖሮ ይህ ቍጥር ባልመጣም። መልእክተኛው የጠየቀው «ማንን እወዳለሁ?» ብቻ ሳይሆን «ኪባኪን ማን ይጥልልኛል?» ብሎ ነው፤ ራይላ በ2005 በሕገ መንግሥቱ ረቂቅ ላይ በተደረገው የሕዝብ ውሳኔ የመንግሥትን ወገን ካሸነፉት መሪዎች ፊተኛው ነበሩና። አሜሪካኖችም በቀዳሚ ምርጫቸው በእነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ሲዋልሉ ይታያሉ።

ከሦስት ወር በኋላ በዲሴምበር የመጀመሪያ ሳምንት፣ ምርጫው ሊደረግ ጥቂት ሲቀረው፣ ማይክል ብራተንና ምዋንጊ ኪመንዪ የተባሉ ሊቃውንት በኋላ ያተቱት የሕዝብ አስተያየት ጥናት ተደረገ። ኬንያውያን ስለ ራሳቸው ሲጠየቁ አብዛኞቹ በጎሣ ስም አልገለጹም። ስለ ሌላው ሲጠየቁ ግን፣ ሌላው በጎሣው ይሰበሰባል ብለው ፈሩ። ከዚህ የተነሣ ራሳቸውን ለመከላከል ሲሉ ከየጎሣቸው ጋራ ድምፅ ሰጡ፤ ያም ሆኖ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ጉቦና ስለ ክፍለ አገር አስተዳደር ያላቸው አሳብ ከድምፃቸው አልተለየም። በ1961 የናይሮቢ ምሥራቅ ኪኩዩ ይህ ፍርሃት አልነበረበትም፤ ወይም ቢኖርበት አላሸነፈውም። በሁለቱ መካከል የቆመው የ1969 ዓመት ነው።

በ2022 ምርጫ ጊዜ ሥልጣኑን የሚለቁት ኪኩዩ ፕሬዚዳንት፣ የኬንያታ ልጅ ኡሁሩ፣ ለኪኩዩ ሕዝብ ራይላን ምረጡ አሉ። ራይላ ሉኦ፣ ተቃዋሚያቸው ሩቶ ካሌንጂን ናቸው፤ ሁለቱም ለምክትልነት ያቀረቡት ኪኩዩ ነበር። የማዕከላዊ ኬንያ መራጭ የገዛ ፕሬዚዳንቱን ምክር ትቶ በብዙ ብልጫ ሩቶን መረጠ። የሩቶ ፓርቲ ምልክት ባለ አንድ ጎማ የእጅ ጋሪ ነበረች፤ በናይሮቢ ገበያዎች ሠርቶ አዳሪው ሽንኩርትና ድንች የሚገፋባት።